ያልገለበጥኩት ቅጠል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በጣቢያችን ግቢ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሮ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ለስላሳ ተከፍቶ ተሸኘሁ። የዶርዜ ጋቢ አለበሱኝ። በመጨረሻ ዶክተር ሰላማዊት ተነሥታ ተናገረች። እሷ የወይን ተመራማሪ ናት፤ ከሥራ ዘመኔ ረጅሙን ያሳለፍኩት በእሷ ሥር ነው። አዲስ አበባ ከተዛወረች ቆይታለች፤ ለእኔ ስትል ነው የመጣችው።

"ዘነበች በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ናሙና አላበላሸችም፤ አንድ ታርጋ አላሳሳተችም" አለች።

ሰው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። በአርባ ምንጭ ቆላ በዚያ ሰዓት ጋቢ የሚደርብ ሰው የለም፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አሁን ተነሥቼ "አይደለም" ብል ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አልተነሣሁም። እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ዝም አልኩ።

አንድ ታርጋ፣ የተክል ስም ተጽፎ የሚታሰርበትን ወረቀት፣ አሳስቻለሁ። በእሱ ምክንያት የታላቅ ወንድሜ ቤት ፈርሷል። ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፊ ካሉኝ መጻፍ ያለብኝ ይህንን ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

የተወለድኩት ካምባ ነው። ትምህርት ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት መጣሁ። የእርሻ ምርምር ጣቢያው የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ። መጀመሪያ ጥጥ ውስጥ አረም ነቀልኩ፤ ከዚያ ሙዝ፤ ከዚያ ማንጎ። ጽሕፈቷ ይነበባል ተብሎ መዝገብ መያዝ ጀመርኩ፤ ቋሚም ሆንኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ከመስመር የወጣ ነገር አይወድም ነበር፤ ችግኝም ይሁን ሰው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። በመጨረሻ ወይን ክፍል ተመደብኩ፤ ብዙ ዓመት እዚያው ሠራሁ።

ሥራ ያስተማረኝ ጋሽ ሻንቆ ነው። የጨንቻ ሰው ነው፤ ዲፕሎማ የለውም፤ ግን ወይን መግረዝ እንደ እሱ የሚችል አላየሁም። አማርኛ የተማረው ጎልምሶ ስለሆነ ሴትና ወንድ ይቀላቀሉበታል። እኔን እስከ መጨረሻው "አንተ" እንዳለኝ ኖረ። ማንም አላረመውም፤ እኔም እንዲታረም አልፈለግሁም።

ጠዋት ጠዋት መቀሱን በድንጋይ ይስላል። ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲያልፍ በአልኮል ይጠርገዋል፤ ቢቸኩልም፣ ዝናብ ቢመጣም ይጠርገዋል። አንድን ግንድ ከመንካቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፤ ባለፈው ዓመት የት እንደቆረጠው፣ ዘንድሮ የትኛው ዓይን እንደሚያፈራ በልቡ ይቆጥራል። ከሁሉ በላይ ግን ታርጋ አያምንም። ግንዱ ላይ የታሰረውን ታርጋ አንብቦ ሲያበቃ አንድ ቅጠል ይቀነጥስና ይገለብጠዋል። የእጁ ቆዳ እንደ ቅርፊት የጠነከረ ስለሆነ በጣቱ አይሰማውም፤ የቅጠሉን ጀርባ በላይኛው ከንፈሩ ይዳስሰዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት የወይን ዝርያ ቅጠል ሰጠኝ።

"ይኼ ግሬናሽ ነው። ጀርባው ልሙጥ ነው፣ መላጣ። ይኼ ሺራዝ ነው። ጀርባው እንደ ጥጥ ነው፣ ጸጉር አለው። ታርጋ ሰው ነው የጻፈው፣ ይሳሳታል። ቅጠል አይሳሳትም። ሁልጊዜ ገልብጥ!"

ሌላም ልማድ ነበረው። ማንነቱን የተጠራጠረውን ግንድ አያስቀምጥም። አንድ ጊዜ ለችግኝ የተቆረጠ አንድ እስር የወይን እንጨት ከጋሪ ላይ ወድቆ ታርጋው ጠፋ። ቅጠል የሌለው ቁራጭ ደግሞ ሁሉም እንጨት ነው፤ አይለይም። ጋሽ ሻንቆ እስሩን ቁጭ ብሎ ከታተፈው። አለቃችን ሮጦ መጣ።

"ሳምንት ሙሉ የተለፋበትን! ምን ነካህ?"

"ማን እንደሆነ አላውቅም ጌታዬ። የማላውቀውን ለሰው አልሰጥም።"

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። አጣጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዶክተር ሰላማዊት ወደ ጣቢያችን ስትመጣ አንድ ጥያቄ ይዛ ነው የመጣችው፤ ውሃ ሲጠፋ አንዱ የወይን ዝርያ የሚተርፈው፣ ሌላው የሚሞተው ለምንድን ነው? መልሱን ከዘረ መላቸው ልታገኝ ነበር። ፕላስቲክ ጣሪያ አሠርታ ከሥሩ በየማሰሮው ወይን አስተከለች፤ ግሬናሽ በአንድ ወገን፣ ሺራዝ በሌላ ወገን። ካደጉ በኋላ ውሃ ከለከልናቸው። ያን ጊዜ እኔ የእሷ እጅ ሆንኩ።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ ቅጠል እንቆርጣለን። ቅጠሉን ወፍራም የብረት ድስት በመሰለ መሣሪያ ውስጥ አስገብተን እንከድናለን፤ አገዳው ብቻ በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ጋዝ ቀስ እያልን እንለቃለን። እኔ በማጉያ መነጽር የተቆረጠውን ጫፍ እያየሁ እጠብቃለሁ። ትንሽ የውሃ ጠብታ ብቅ ስትል "ቁም!" እላለሁ፤ ቁጥሩ ይመዘገባል። ጠብታዋን ለማስወጣት ብዙ ግፊት ካስፈለገ ተክሉ በጣም ተጠምቷል ማለት ነው። ጋዙን ያጣደፉት እንደሆነ ጠብታዋ ታመልጣለች፤ ያኔ ቅጠሉም ድካሙም ከንቱ ነው።

ለዘረ መል ምርመራ የሚሆነውን ቅጠል ደግሞ እንደቆረጥን ጠቅልለን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እንከታለን፤ ሲገባ እንደ ጋለ ዘይት ይጮሃል። ለምን እንደዚህ እንደምንጣደፍ ዶክተርን ጠየቅኋት።

"ቅጠል መቆረጡን ያውቃል" አለችኝ። "ከዘገየን የሚነግረን ስለ ጥማቱ ሳይሆን ስለ መቀሱ ነው።"

ውጤቱ ሲመጣ እኔ በሚገባኝ መንገድ አስረዳችኝ።

"ሁለቱም ያንኑ ዘረ መል ተሸክመዋል። ሥሩ አፈሩ መድረቁን ሲያውቅ ለቅጠሉ መልእክት ይልካል። ቅጠሉ መልእክቱን ሲሰማ ውሃ የሚወጣባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ግሬናሽ ውስጥ ይህን የሚያዙት ዘረ መሎች ቶሎ ይነቃሉ። ሺራዝ ውስጥ ይዘገያሉ።"

"ታዲያ ግሬናሽ ይሻላላ?"

"ውሃ በሌለበት፣ አዎ። ውሃ ባለበት ግን ሺራዝ ያምርልሻል። ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ያድጋል፣ ይንዠረገጋል። ድርቁ ሲጠና ግን ያለውን ውሃ ሁሉ ጨርሶ በአንድ ጊዜ ይወድቃል።"

በዓይኔ አየሁት። በማሰሮዎቹ ውስጥ ግሬናሹ ኩርምት ብሎ፣ ቅጠሉን ይዞ ይጠብቃል። ሺራዙ ምንም እንዳልጎደለበት አረንጓዴ ሆኖ ይሰነብትና፣ ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ ቅጠሉ መሬት ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ግሬናሹን ወደ ገበሬ ማውጣት ታሰበ። ካምባ ወረዳ ቆላው ውስጥ አራት ገበሬዎች ይመረጡ ተባለ። ዶክተር የማጠጫ ፕሮግራም አወጣች፤ በየአሥር ቀኑ ለአንድ ግንድ ግማሽ ጀሪካን፣ ከዚያ ያልበለጠ። ፕሮግራሙ የተሠራው ለግሬናሽ ጠባይ ነው። አገሩን ስለማውቅ ከአራቱ የአንዱን ስም ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የታላቅ ወንድሜን የኦልታዬን።

ኦልታዬ ብዙ የማይናገር፣ የጀመረውን የማይተው ሰው ነው። በቤቱ አጠገብ ለወንዙ የሚቀርበው ቦታው ላይ ግን አባታችን የተከላቸው የሽፈራው ዛፎች ነበሩ፤ እኛ ሀለኮ የምንላቸው። ቅጠላቸው ተቀቅሎ ይበላል። ዝናብ ጠፍቶ በቆሎው ሲከዳ እንኳ ሀለኮ ቅጠል አይነሳንም፤ ስንት ክፉ ዓመት አውጥቶናል። ወይኑ ያለ ጥላ ፀሐይ ይፈልጋልና ዛፎቹ መቆረጥ ነበረባቸው።

ሚስቱ ማርታ እምቢ አለች። የነገረችኝን አልረሳም። በጋሞኛ ነው የተናገረችው፤ በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦

"ሀለኮው ክፉ ቀን ያበላናል። ይህ ወይን ክፉ ቀን ምን ያበላናል?"

"ማርታ፣ ይህ ዝርያ ድርቅ ይችላል" አልኳት። "በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ወንድሜ ላይ ክፉ ነገር አመጣለሁ?"

ወንድሜ እኔን አየኝ፤ እሷን አየ። በሳምንቱ ዛፎቹን ቆረጠ።

ቁራጮቹ ወደ ካምባ የሚሄዱበት ጠዋት መጣ። ባለፈው ቀን አምስት እስር አዘጋጅተን፣ ቅጠላቸውን አራግፈን፣ በረጠበ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ አሳድረናል። አራቱ ለገበሬዎቹ የሚሆን ግሬናሽ ነው፤ አምስተኛው ለጣቢያው ችግኝ ማፊያ የሚሆን ሺራዝ። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። ጆንያዎቹን ስፈታ የሁለቱ እስሮች ታርጋ ላይ ቀለሙ ፈስሷል። ሰማያዊ ብክል ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል አይነበብም። አንዱ ለኦልታዬ የተመደበው ግሬናሽ፣ አንዱ ሺራዝ መሆን አለበት። የትኛው የትኛው ነው?

ጋሽ ሻንቆ ከኋላዬ መጣ። ጡረታው ደርሶ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

"ቀለሙ ምን ሆነ?"

"ፈሰሰ ጋሼ። ግን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በግራ ያስቀመጥኩት ግሬናሹን ነው።"

"ታስታውሳለህ?"

የእኔ ወንድም ዛፉን ቆርጦ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ እየጠበቀ ነው። ይህ እስር ከተጣለ የሚቀጥለው ገረዛ እስኪደርስ ወራት ይጠብቃል። ማርታ ምን ትላለች?

"አስታውሳለሁ" አልኩት።

መቀሱን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመ። እንደ ልማዱ ሁለቱንም ሊከታትፋቸው ይችል ነበር። ፊቴን አየና መቀሱን ኪሱ ከተተ።

"እሺ። አንተ ካልክ።"

አዲስ ታርጋ ጻፍኩ። መኪናው ሄደ።

ጋሽ ሻንቆ በዚያው ሳምንት ተሰናብቶ ጨንቻ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። መኪናው ከሄደ ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላ ችግኝ ማፊያው ውስጥ "ሺራዝ" ብዬ የጻፍኩበት መደብ ቅጠል አወጣ። ሰው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ሰዓት ገብቼ አንድ ቅጠል ገለበጥኩ። ልሙጥ ነበር። ሁለተኛውን ገለበጥኩ። ልሙጥ። ሁሉንም ነቅዬ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩና መዝገቡ ላይ "አልጸደቀም" ብዬ ጻፍኩ። ምናልባት አምስቱም እስሮች ግሬናሽ ነበሩ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ነገር በጣቢያችን ሆኖ አያውቅም፤ ግን እሱን ማመን ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዝናቡ ጥሩ ነበር። ከአራቱ ገበሬዎች የኦልታዬ ወይን በለጠ። ሽቦውን አልፎ ተንዠረገገ። ጎረቤት ሊያይ ይመጣል፤ በቸርች እሑድ ስሙ ተጠርቶ ምስጋና ቀረበ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስሄድ ወንድሜ በመስመሮቹ መካከል ይዞኝ ዞረ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሲያወራ አልሰማሁትም።

"አባታችን ዛፎቹን በመቁረጤ የሚቆጣ ይመስልሻል?" አለኝ።

"ይህን ቢያይ አይቆጣም" አልኩት።

አንድ ቅጠል ልገለብጥ እጄን ዘረጋሁ። መለስኩት። እህት ሆኜ እንጂ ለሥራ አልመጣሁም ብዬ ነው የመለስኩት። ያ እጅ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

በሦስተኛው ዓመት በልጉ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣውም ዝናብ ዝናብ አልነበረም። ኦልታዬ ከወንዙ በአህያ ውሃ እያመላለሰ ፕሮግራሙን ይዞ ቆየ። በየአሥር ቀኑ፣ ለአንድ ግንድ ግማሽ ጀሪካን። እንዳይሳሳት ባጠጣ ቁጥር በበሩ መቃን ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሠምራል። ማርታ ቅጠሉ ሲገረጣ አይታ "ጨምርለት" ብላዋለች። እሱ ግን "እህቴ ከዚህ አታብልጥ ብላኛለች" አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ ወረደ። የሌሎቹ ሦስቱ ገበሬዎች ወይን ግን ተኮማትሮ ቆሟል።

ጣቢያው ከወረዳው ባለሙያ ጋር ሄጄ እንድመለከት ላከኝ። ስንደርስ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ባለሙያው ግንዱን በቢላ ፋቅ አደረገ፤ ውስጡ ቡናማ ሆኗል።

"ሦስቱ በዚሁ ውሃ ኖረዋል" አለ ሰው ሁሉ እየሰማ። "አቶ ኦልታዬ ማጠጣት ዘለዋል ማለት ነው።"

"አንድ ቀን አልዘለልኩም" አለ ወንድሜ። ወደ በሩ ወስዶ ከሰሉን አሳየው።

"ከሰል ማንም ይጭራል አባቴ።"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

"ዘኔ፣ አንቺ ንገሪው።"

በዚያ ሰዓት ከግንዱ ሥር ያነሣሁት ደረቅ ቅጠል በእጄ ነበር። አውራ ጣቴ ጀርባው ላይ ነው። ጥጥ። መድረቅ እንኳ ጸጉሩን አላጠፋውም።

"ሪፖርቱ ይታያል" አልኩ። ያልኩት ይህንን ብቻ ነው። ቅጠሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ለባለሙያው አልተከራከረም። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ማርታ ደጃፍ ላይ ቆማ እሱን ነው የምታየው፣ እኔን አይደለም። ሲገባት አየሁ፤ ማለቴ የተሳሳተው ነገር ሲገባት። ባሏ ቀን እንደዘለለ አመነች። እኔ ይዤው የመጣሁት ባለሙያ ነዋ ያለው።

የቀረኝ ጥርጣሬ ካለ ብዬ ያን ቅጠል አዲስ አበባ ለዘረ መል ምርመራ ከሚላኩት ናሙናዎች ጋር በማይታወቅ ቁጥር ቀላቅዬ ላክሁት። ውጤቱ ሲመለስ ዶክተር ሰላማዊት ወረቀቱን እያየች ጠራችኝ።

"ይህ ሺራዝ ከየት መጣ? መዝገቡ ላይ የለም።"

"ከማሰሮዎቹ ለመሞከሪያ የወሰድኩት ነው" አልኳት።

አመነችኝ። ማንም ያምነኝ ነበር። ሪፖርቷ ላይ ሦስቱ ማሳዎች እንደጸደቁ፣ አራተኛው "በአያያዝ ጉድለት" እንደደረቀ ጻፈች። ያንን ዓረፍተ ነገር በጥሩ ጽሕፈት ገልብጬ ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በሥራ በኩል የሚነገር የላቸውም። አዲስ አለቃ መጣ፤ ወይኑ ተነቅሎ ቦታው ለሙዝ ተሰጠ። የተነቀለውን ግንድ ሠራተኛው ለማገዶ ተከፋፈለው። እኔ ወደ ቢሮ ገባሁ። በካምባ በኩል ግን በዚያ ድርቅ ኦልታዬ ቤት ሀለኮ አልነበረም። ማርታ በየጎረቤቱ ቅጠል ልትለምን ትሄድ ነበር፤ "ዛፎቻችሁስ?" ይሏታል። ትልቋ ልጃቸው ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሰው ቤት ልትሠራ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ወንድሜ ከመንደሩ ስብሰባ ቀረ፤ ከቸርች ኋላ ወንበር መቀመጥ ጀመረ። ማርታ ከጊዜ በኋላ በጉበት ሕመም ሞተች። ለቀብሯ ሄጄ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ያኔም አልነገርኩም። ኀዘን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብዬ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ምክንያት ነበረኝ።

በስንብቴ ማግስት ጠዋት ዶክተር ሰላማዊት ያረፈችበት ሆቴል ሄድኩ። ቁርስ ላይ ነበረች። ተቀመጥኩና ከፈሰሰው ቀለም ጀምሬ በስውር እስከ ጨመርኩት የናሙና ቁጥር ድረስ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

"ሦስት ማሳ ግሬናሽ፣ አንድ ማሳ ሺራዝ" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምታወራ። "አንድ ዓይነት ውሃ። አንድ ድርቅ። ግሬናሹ ተረፈ፣ ሺራዙ ሞተ። ዘነበች፣ በማሰሮ ያየነው እኮ በገበሬ ማሳ ላይ ተረጋገጠ ማለት ነበር። የወንድምሽ ማሳ ዋናው ማስረጃችን ይሆን ነበር።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የወንድሜ ኪሳራ ቢያንስ ለአንድ ነገር ይውል ነበር። እሱንም አጥፍቼበታለሁ።

"አሁን አይታረምም?" አልኳት።

"ፕሮጀክቱ ተዘግቷል። ሪፖርቱን የላክሁላቸውም ሰዎች የሉም። ደብዳቤ እጽፋለሁ። ግን ማን እንደሚያነበው አላውቅም።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "የወንድምሽን ማሳ 'በአያያዝ ጉድለት' ብዬ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

ሻይዋ ሳይጠጣ ቀረ። ስወጣ አላቀፈችኝም።

በሳምንቱ ከሲቀላ መናኸሪያ ካምባ የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ኦልታዬን ያገኘሁት ደጃፉ ላይ በቆሎ ሲፈለፍል ነው። ሸምግሏል። አጠገቡ ተቀመጥኩና አብሬው እየፈለፈልኩ ነገርኩት። በጋሞኛ ስለሆነ ለ"ታርጋ" ቃል አጥቼ "ስሙ የተጻፈበት ወረቀት" አልኩት። እሱ እየፈለፈለ ሰማኝ። የያዘውን የበቆሎ ራስ ሲጨርስ ሌላ አላነሣም።

"እንግዲህ ጥፋቱ ከማጠጣቱ አልነበረም?" አለኝ።

"አልነበረም ጋሼ።"

"ቀን አልዘለልኩም?"

"አንድም አልዘለልክም። በታዘዝከው መሠረት ስላጠጣህ ነው የሞተው። ያ ወይን ሌላ ነበር፤ ያ ውሃ አይበቃውም። ማርታ እንዳለችው ብትጨምርለት ምናልባት ይተርፍ ነበር።"

የመጨረሻውን ባልናገር ይሻል ነበር። እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

"ማርታ ስትታመም ማታ ማታ ይህንን ነው የምታነሣው" አለ። "'አንድ ጊዜ እውነቱን ንገረኝ፣ ዘለሃል አይደል?' ትለኛለች። አልዘለልኩም እላታለሁ። አታምነኝም። ታለቅሳለች። በመጨረሻ እንድታርፍ ብዬ፣ አዎ ዘልያለሁ አልኳት። ሁለት ጊዜ ደክሞኝ ተኝቻለሁ አልኳት። ይቅር በይኝ አልኳት።"

"እና?"

"ይቅር አለችኝ። እጄን ይዛ ይቅር አለችኝ።"

ይቅርታ ልለምነው "ጋሼ" ብዬ ጀመርኩ፤ በእጁ ተይ አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞት ነው። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። የቀረውን በቆሎ ፈልፍዬ ጨረስኩ። ቆሮቆንዳውን ለብቻ፣ ፍሬውን ለብቻ አደረግሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅም አልወጣም። በእኛ ቤት እንግዳ ሳይበላ አይሄድም፤ እኔ ሳልበላ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እደውልለታለሁ። ያነሣል። ደህና ነኝ ይላል፤ ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ዝናብ ስለመዝነቡና ስላለመዝነቡ ይነግረኛል። ከዚያ ሰላም ዋይ ብሎ ይዘጋል። ነይ ብሎኝ ግን አያውቅም።